በጃፓን የእጅ ጥበብ የሚሠሩ ፋውንቴን ፔኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለነዚህ ብዕሮች የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኞቹ ፎቶ አይተው ነው የሚመጡት፤ ወርቃማ ዘንዶ፣ ቀይ ዓሣ፣ ጥቁር ላይ የሚያበራ ጨረቃ። ጥያቄያቸውም በአብዛኛው ስለ ሥዕሉ ነው። እዚህ ግን ከሥዕሉ ሥር ካለው ነገር እንጀምራለን፤ ጊዜውም ገንዘቡም በብዛት ያለቀው እዚያ ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሌላው ፋውንቴን ፔን በምን ይለያሉ?

አጻጻፋቸው ያው ነው። ቀለም የሚጠራቀምበት ሆድ አላቸው፣ ወረቀቱን የሚነካ የወርቅ ጫፍ ወይም ኒብ አላቸው፣ ክዳን አላቸው። ልዩነቱ ገላቸው ላይ ነው። የብዙዎቹ አካል ኤቦናይት ነው፤ ጎማ ከብዙ ድኝ ጋር በሙቀት ሲበስል የሚገኝ ጠንካራ ነገር። የኤቦናይቱ ዘንግ በቶርኖ ይቀረጻል፣ የክዳኑ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከዚያም ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ፈሳሽ እየተደራረበ ይቀባል። ሥዕል የሚሣልበት ከሆነ ሥዕሉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ኤቦናይት የሚመረጠው ለቶርኖ ስለሚመች፣ የብዕር ቀለም ስለማይበላው፣ እንደ እንጨትም እርጥበት ሲያገኘው ስለማያብጥና ሲደርቅ ስለማይሰነጠቅ ነው። ቢይዙት ደግሞ እንደ ብረት አይቀዘቅዝም።

ኡሩሺ ምንድን ነው?

በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን ከሚበቅል ዛፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ነው። ዛፉ ከማንጎ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ቅርፊቱ ሲበጣ፣ ቁልቋል ሲቆረጥ እንደሚያፈሰው ወተት ያለ ነጭ ነገር ይወጣዋል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ሰብሳቢው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ በጥቂት ቀናት ልዩነት እየተመላለሰ ከቀድሞው ጠባሳ አጠገብ አዲስ ብጣት ያወጣል፤ የሚያቀረውን ፈሳሽ በጠብታ ደረጃ እየጫረ ይሰበስባል። ዛፉ ለዚህ ለመድረስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጅበታል። በአንዱ ወቅት የሚሰጠው ግን ወደ 200 ግራም ብቻ ነው። ከዚያ ይቆረጣል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጥና የዓመታቱ ቆጠራ እንደገና ይጀመራል።

ጃፓን የምትጠቀምበትን ኡሩሺ አብዛኛውን የምታስገባው ከቻይና ነው። የአገር ውስጡ በብዛት የሚመጣው ከኢዋቴ ክፍለ ግዛት፣ ኒኖሄ ከተማ ውስጥ ካለው የጆቦጂ አካባቢ ነው። የጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ በ2015 ብሔራዊ ቅርስ የሆኑ ሕንፃዎች ሲታደሱ በመርህ ደረጃ የአገር ውስጥ ኡሩሺ እንዲቀቡ ካዘዘ ወዲህ ደግሞ ተፈላጊነቱ ጨምሯል። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ሙሉ በሙሉ የጃፓን ኡሩሺ ነው» ካላችሁ ትልቅ ነገር ተናግሯልና ማረጋገጫ ጠይቁት። የቻይናው መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፤ ጥሩ ሠራተኛ እጅ ሲገባ ጥሩ ሥራ ይወጣዋል።

ቀለም መቀባት እንዴት ወራት ይፈጃል?

ኡሩሺ እንደ ግድግዳ ቀለም ተኖ አይደርቅም። እንዲያውም የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው። በውስጡ ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ከእርጥብ አየር ኦክስጅን እየወሰደ ፈሳሹን ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለውጠዋል። ለዚህ ሲባል የተቀባው ብዕር ሙሮ የሚሉት የእንጨት ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ70 እስከ 85 በመቶ ይሆናል። እርጥበቱ ሲበዛ ላዩ ቶሎ ይጠነክርና ይሸበሸባል፤ ሲያንስ ደግሞ እጅ ላይ እያጣበቀ ይቆያል። ሠራተኛው እንደ ዝናቡና እንደ ወቅቱ ማስተካከል አለበት።

አንዱ ንብርብር ሲጠነክር በውሃና በከሰል ይፈገፈጋል፤ ከዚያ ሌላ ይደረብበታል። የታችኞቹ ንብርብሮች ከደቀቀ የሸክላ ዱቄት ጋር የተለወሱ ናቸው። የቶርኖውን ጭረት ደፍነው ላዩን ልሙጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፤ ብዕሩ ሲያልቅ ማንም አያያቸውም። የመጨረሻው ንብርብር ሲቀባ አንድ የአቧራ ብናኝ ካረፈበት ያው ተፍቆ እንደገና ነው። ከዚያ ማንጸባረቁ ይመጣል። በጣም የላመ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ይነካና በጣት ጫፍና በመዳፍ ይታሻል፣ አሁንም ይታሻል። በጨርቅ የማይሆነው ጣት ከጨርቅ ይልቅ ጉብታና ጉድጓድ ስለሚያውቅ ነው። አንድም ሥዕል የሌለው ብዕር ሁለት ሦስት ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ። ሥዕል ሲጨመርበት ዓመት የሚሞላውና የሚያልፈውም አለ።

ማኪኤስ እንዴት ይሠራል?

ማኪኤ ማለት በኡሩሺ መሣልና ሳይጠነክር የወርቅ ዱቄት መነስነስ ነው። ዱቄቱን የሚይዘው ኡሩሺው ራሱ ነው። ጥበቡ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብዕር ከመምጣቱ በፊት ሣጥን፣ የጽሕፈት ዕቃ መያዣና የሰይፍ ሰገባ ያጌጥበት ነበር።

ሠዓሊው መጀመሪያ ንድፉን በስስ ወረቀት ያወጣል። በወረቀቱ ጀርባ መስመሩን በኡሩሺ ይከተልና ወረቀቱን ብዕሩ ላይ አስተኝቶ በጣቱ ሲያሸው መስመሩ ይገለበጣል። ቀጥሎ ረጅምና ቀጭን ጸጉር ባላት ብሩሽ መስመሩን ይደግመዋል፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የአይጥ ጸጉር ነው። ብሩሹን አስቀምጦ አንድ ቀጭን ቱቦ ያነሳል። ቱቦው ቀርከሃ ወይም የትልቅ ወፍ ላባ ዘንግ ነው፤ አንደኛው አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ውስጡ የወርቅ ዱቄት አለ። ቱቦውን አጋድሞ በሌባ ጣቱ መታ መታ ሲያደርገው ዱቄቱ እርጥቡ መስመር ላይ ይዘንባል። የተረፈውን በለስላሳ ብሩሽ ይጠርግና ብዕሩን ወደ ሙሮ ይመልሰዋል። ይህ ለአንድ የቅጠል ጫፍ ሊሆን ይችላል። ሌላው ቅጠል፣ ሌላ መጠን ያለው ዱቄት የሚያስፈልገው ደመና፣ ሁሉም የየራሱ ዙር አለው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ሂራ ማኪኤ በሚባለው ሥዕሉ በላዩ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ዱቄቱ በስስ ኡሩሺ ታትሞ ይወለወላል። ቶጊዳሺ በሚባለው ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ኡሩሺ ይሸፈናል፤ ኡሩሺው ሲጠነክር ወርቁ እንደገና እስኪታይ በከሰል ይፈገፈጋል። ሲጨርስ በእጅ ብትዳስሱት ሥዕሉ የት እንደጀመረ አይታወቃችሁም። ታካ ማኪኤ የተራራውን ጫፍ ወይም የዓሣውን ሆድ በከሰል ዱቄት ወይም በሸክላ ዱቄት ከፍ አድርጎ ይሠራል። ቶጊዳሺንና ታካን አንድ ላይ የሚያዋህደው ሺሺአይ ቶጊዳሺ የሚሉት ከሁሉም ይከብዳል፤ ዋጋውም ይመሰክራል።

ሁለት ተጨማሪ ጥበቦችም አሉ። ራደን ውስጡ የሚያብለጨልጭ የባሕር ዛጎል በስሱ ተቆርጦ የሚለጠፍበት ነው። ቺንኪን ደግሞ የጠነከረውን ኡሩሺ በስለት ጭሮ ጭረቱ ውስጥ ወርቅ መሙላት ነው። በቺንኪን እጅ ከሳተ መመለሻ የለውም።

ይህ ጥበብ ብዕር ላይ እንዴት መጣ?

መነሻው ውበት ሳይሆን አንድ የፋብሪካ ችግር ነው። ሪዮሱኬ ናሚኪ የሚባሉ የመርከበኞች ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ መሐንዲስ ከማሳኦ ዋዳ ጋር ሆነው በ1918 በቶኪዮ የብዕር ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬ ፓይሎት የምንለው እሱ ነው፤ ይህን ስም የያዘው በ1938 ነው። የዚያን ጊዜ ብዕር በአብዛኛው ኤቦናይት ነበር። ኤቦናይት ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ጥቁረቱን እየተወ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ናሚኪ ኤቦናይቱን በኡሩሺ የሚሸፍኑበትን ዘዴ አወጡና በ1925 ላካናይት ብለው ስም ሰጡት። ኡሩሺ ከተቀባ ዘንድ ማኪኤ ለምን አይሣልበትም የሚለው ቀጥሎ መጣ።

በ1930 ከለንደኑ የቅንጦት ዕቃ ነጋዴ ከዳንሂል ጋር ውል ተፈራረሙ፤ ዳንሂል ናሚኪ የሚል ስም ያለባቸው ብዕሮች በአውሮፓ መደብሮች ተሸጡ። ሥዕሉን የሚመሩት ከካናዛዋ አካባቢ የመጡት ጎንሮኩ ማትሱዳ ነበሩ። በ1931 የድርጅቱ ሠዓሊዎች ኮኮካይ የሚባል ማኅበር መሠረቱ፤ የማኅበሩ ስም ዛሬም የናሚኪ ብዕሮች ላይ ከሠዓሊው ፊርማ ጎን ይጻፋል። ማትሱዳ በ1955 ጃፓኖች «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» የሚሉትን ማዕረግ አገኙ።

ዛሬ እነማን ይሠራሉ?

ናሚኪ የፓይሎት የላይኛው ደረጃ ስም ሆኖ ቀጥሏል። ፕላቲነም የሚባለው ድርጅት ናካያ የሚል የእጅ ሥራ ቤት አለው፤ የጀመሩት ከፕላቲነም ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ናቸው። ናካያ ስታዙ ብዕሩን እንዴት እንደምትይዙ፣ በየትኛው እጅ እንደምትጽፉ፣ ምን ያህል እንደምትጫኑ ይጠይቃል፤ ኒቡን በዚያ ያስተካክሉታል። በ1911 የተመሠረተው ሴይለርም የኡሩሺና የማኪኤ ሥራዎች አሉት። ከነሱ ውጭ ብቻቸውን የሚሠሩ ጥቂት የቶርኖና የኡሩሺ ባለሙያዎች አሉ፤ ወረፋቸው ረጅም ነው።

ዋጋቸው ስንት ነው?

ያለ ሥዕል በኡሩሺ ብቻ የተቀባው በጥቂት መቶ ዶላሮች ይጀምርና ወደ ሺህ ይጠጋል። ሙሉ ማኪኤው ከብዙ ሺህ ይነሳል፤ ከአሥር ሺህ ዶላር የሚያልፍም አለ። ዋጋው የወርቁ አይደለም፤ የዱቄቱ ክብደት ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው።

በእጅ የተሣለውንና የታተመውን እንዴት እለያለሁ?

«ዘመናዊ ማኪኤ» ተብሎ የሚሸጠው በሲልክ ስክሪን የታተመ ነው፤ ከታተመ በኋላ ዱቄት ይነሰነስበታል። ሐቁን ተናግረው በተመጣጣኝ ዋጋ ከሸጡት ምንም ክፋት የለውም፤ ለስጦታም ያምራል። ችግሩ በእጅ የተሣለ ተብሎ ሲሸጥ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስቲከር ለጥፈው ቫርኒሽ የሚቀቡት ነው።

ማጉያ መነጽር ያዙ። የታተመ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው፣ ጠርዙ አንዳንዴ በጥቃቅን ጥርሶች የተሰካካ ይመስላል፤ የእጅ መስመር ግን ወፍሮ ይጀምርና ቀጥኖ ያልቃል። የዱቄቱንም ቅንጣቶች ተመልከቱ፤ በጥሩ ሥራ ላይ አንዱ ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ሌላው ጋ እየሳሳ ይሄዳል። ክዳኑን ዝጉና ሥዕሉ ከክዳን ወደ አካል ሲሻገር መገጣጠሙን እዩ። የክዳኑ ጥርስ ከአንድ በላይ መግቢያ ስላለው በመጀመሪያው ላይገጥም ይችላል፤ በአንዱ መግቢያ ግን መግጠም አለበት። ፊርማውን ፈልጉ፣ የሠዓሊውን ስምና የፓውሎኒያ እንጨት ሣጥኑን ጠይቁ። ሣጥን ብቻውን ግን ምስክር አይደለም፤ ባዶ ሣጥንም ገበያ ላይ ይሸጣል።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። በየዓመቱ ኦገስት ላይ እዚያ ትልቅ የብዕር ትርኢት ይካሄዳል፤ ሳትገዙ አሥር ዓይነቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ኡሩሺ ቆዳ ያሳክካል ይባላል፣ እውነት ነው?

ፈሳሹ እውነት ነው። ውስጡ ያለው ኡሩሺዮል ቆዳን ያሳብጣል፣ ያቆስላል፤ ሙያውን የሚጀምሩ ሁሉ ይቀምሱታል። በደንብ የጠነከረ ሽፋን ግን አብዛኛውን ሰው አይነካም። የማንጎ ልጣጭ አፋችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆናችሁ ትኩስ የተሠራ ብዕር ቢደርሳችሁ ጥቂት ወራት አቆዩት።

ለእኛ ፊደል የትኛው ኒብ ይሻላል?

የጃፓን ኒብ ከአውሮፓው ይቀጥናል፤ የጃፓኑ መካከለኛ የሚሉት ወደ አውሮፓው ቀጭን ይጠጋል። ለጃፓኖች ብዙ ጭረት ያለውን ጽሕፈታቸውን በትንሽ ቦታ ለመጻፍ ነው፤ ለእኛም የሚበጀን በሌላ ምክንያት ነው። በሴ፣ በቤ፣ በኬ እግር ላይ ያለችውን ቀለበት አስቡ። በሰፊ ኒብ በትንሹ ስትጽፉ ቀለበቷ በቀለም ተሞልታ ነጥብ ትሆናለች። እጃችሁ ደቀቅ አድርጎ የሚጽፍ ከሆነ ቀጭን፣ ዘርዘር አድርጎ የሚጽፍ ከሆነ መካከለኛ ውሰዱ። ፊርማ ብቻ ለምትፈርሙበት ሰፊውም ይሆናል።

እስክሪብቶ የለመደ እጅ ይጫናል። የወርቅ ኒብ ጭነት አይፈልግም፤ የብዕሩ ክብደት ይበቃል።

ቀለም እንዴት ይሞላል? አውሮፕላን ላይስ?

ብዙዎቹ በካርትሪጅ (ቀለም ተሞልቶ በሚሸጥ ትንሽ ቱቦ) ወይም በኮንቨርተር (ከቀለም ጠርሙስ በሚስብ መሙያ) ነው፤ ከተራ ብዕር አይለይም። ትልልቆቹ ግን፣ ለምሳሌ የናሚኪው ኤምፐረር፣ የድሮውን የጃፓን ዘዴ ይዘዋል። አካሉ ራሱ የቀለም ጋን ነው፤ በማንጠብጠቢያ ወይም በሲሪንጅ ይሞላል። በመካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ፣ የዘንጉ ራስ ላይ ውታፍ አለ። የኋላው ቁልፍ ሲጠብቅ ውታፉ ቀለሙን ከኒቡ ይዘጋዋል። ረጅም ለመጻፍ ቁልፉን ጥቂት ማላላት ነው። ይህን ያልነገሩት ገዢ አንድ ገጽ ጽፎ ቀለሙ ሲቆምበት ብዕሩ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

ውታፉ ለጉዞ ግሩም ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፦ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ዘግታችሁት ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነችው አዲስ አበባ ስትደርሱ፣ ውስጡ የታሰረው አየር ገና የባሕር ዳርቻውን ግፊት ይዟል። ኒቡን ወደ ታች አድርጋችሁ ቁልፉን ካላላችሁት ቀለሙ ሸሚዛችሁ ላይ ነው። ኒቡን ወደ ላይ አቁማችሁ፣ ሶፍት ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፤ የሚወጣው አየር ብቻ ይሆናል።

ምን ቀለም ልጠቀም? አያያዙስ?

ውሃ ላይ የተመሠረተ ተራ የፋውንቴን ፔን ቀለም። የሥዕል የቻይና ቀለም አታስገቡ፤ ውስጡ ይጋገራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸት የሚያዘጋጁት ቀለምም ለመቃ ብዕር እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ በሁለት ቀን ይደፍነዋል። እጥበቱ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ነው።

ኡሩሺ ውሃንና አሲድን ይችላል፤ የማይችለው ፀሐይን ነው። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ የሚውል ብዕር ማብረቁን ያጣል፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ አይምርም። ክዳኑን ከኋላ አትሰኩት፣ ይጭረዋል። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ አትክተቱት። ስትጨርሱ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ማበስ በቂ ነው። ደጋግሞ መጻፍ አይጎዳውም፤ የጣት ቅባት እንዲያውም ያምርበታል። ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ለገዢ እንጂ ለብዕሩ ምንም አይጨምርለትም።

ከኖቶው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሥራው ቀጥሏል?

ቀጥሏል፣ ግን ተጎድቷል። በኖቶ ልሳነ ምድር ያለችው ዋጂማ ከጃፓን የኡሩሺ ከተሞች ዋነኛዋ ናት፤ የብዙ ብዕሮች ቅብና ሥዕል እዚያ ይሠራል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 መጠኑ 7.6 ሆኖ የተለካ መንቀጥቀጥ መታት፤ በተነሳው እሳት የታወቀው የጠዋት ገበያ ሰፈር ወደመ። ወርክሾፖች ፈረሱ፣ ብሩሽና መሣሪያ ተቃጠለ። በሴፕቴምበር ደግሞ ጎርፍ ደገማቸው። ሠራተኞቹ በጊዜያዊ ቤቶች ሥራ ቢጀምሩም ትእዛዝ ከድሮው ቢዘገይ ምክንያቱን እወቁላቸው።

የመጀመሪያዬ የቱ ይሁን?

በእኔ አስተያየት ዘንዶውን ተዉት። ታሜኑሪ የሚባል ቅብ አለ፤ ከታች ቀይ ኡሩሺ ተቀብቶ በላዩ ማር መሳይ ግልጽ ኡሩሺ ይደረብበታል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሽፋኑ ስለሚሳሳ ቀዩ ይታያል፤ ዓመታት ሲያልፉ የላይኛው ይበልጥ እየጠራ ስለሚሄድ ቀዩ እየወጣ ይመጣል። ሥዕል የሚሸፍነው ስለሌለ የቀቢው እጅ ጥራት ወይም ድክመት ፊት ለፊት ይታያል፤ ዋጋውም ከማኪኤው በብዙ ይቀንሳል።

ቢወድቅብኝ ይጠገናል?

የታጠፈ ኒብ በባለሙያ ይቃናል፤ ራሳችሁ በፒንሳ አትሞክሩት። የተላጠ ኡሩሺ ተሞልቶ ይቀባል፣ ያረጀውን ቀለም ከአዲሱ ጋር ማመሳሰል ግን ከባድ ስለሆነ አንዳንዴ ክፍሉን በሙሉ ዳግም መቀባት ይሻላል። ከተሠራበት ቤት መላኩ ይመረጣል፤ ወራት ይወስዳል። ከመላካችሁ በፊት ቀለሙን አራግፉ፣ እጠቡት፣ ኒቡን ወደ ታች አድርጋችሁ በሶፍት ላይ አንድ ሌሊት አድርቁት፤ የተላጠችውን ስንጣሪ ካገኛችኋትም በወረቀት ጠቅልላችሁ አብራችሁ ላኳት።